ተካልኝ በገዛ እጁ የፈረመው ደብዳቤ

በቀል ያስደስታል። ይህን የምለው ሰው ለመምከር የተቀመጠ ሁሉ ተቃራኒውን ስለሚናገር ነው። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ያስደስታል። ከደስታው በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ ብቀር ግን አጭበረበርኳችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። ሰባ ያህል ሠራተኞች ነበርን፤ የሁላችንም ኢሜይል የሚያልፍበት ሰርቨር ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ቤታችን ከቢሮው ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት ላይ ስለሆነ ጠዋት ቁልቁል እየሮጥኩ ወርጄ ማታ እያለከለክሁ እወጣለሁ። እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «የመሥሪያ ቤቱን ፖስታ ትጠብቃለች» ትላለች፤ እኔም እየሳቅሁ እተዋታለሁ።

የሠራተኛ ማኅደር ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ። ስቀጠር ማኅደሬን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስልኝ ከምሳ ዕቃቸው እያካፈሉ ያበሉኝም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ጌታቸው ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን እትዬ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ አይገኙም ነበር። ቤታቸው በእግር አምስት ደቂቃ ስለነበር ሮጠው ሄደው፣ አጉርሰዋቸው፣ አፋቸውን ጠርገውላቸው ይመለሳሉ።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ተካልኝ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ከማደጉ በፊት የእኔ ክፍል ኃላፊ እሱ ነበር። ሰርቨሩን የተከለው፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያደለው እሱ ነው፤ ያንን የይለፍ ቃል ከዚያ በኋላ የቀየረ ሰው በጣት ይቆጠራል። ተካልኝ ደብዳቤ ይወዳል። አጠገቡ ቆማችሁ አንድ ነገር ብትጠይቁት «በቃል አልሠራም፤ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ማስረጃው አባሪ ይደረግ» ይላል። እሱ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ የግልባጩ ዝርዝር ከዋናው ሐሳብ ይረዝማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከተበቀልኩባት ሳምንት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የኢሜይል ሰርቨርን ብዙ በር እንዳለው ቤት አድርጋችሁ አስቡት። ሁላችንም ደብዳቤያችንን የምናነበው በአንዱ በር፣ በብሮውዘር ነበር። ፖፕ እና አይማፕ የሚባሉ ሁለት የቆዩ በሮች ግን ሰርቨሩ ከተተከለ ጀምሮ ክፍት ነበሩ። በተለይ ፖፕ ክፉ ነው። የእናንተን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፕሮግራም ከጫነ፣ የተጻፈላችሁ ሁሉ በየሩብ ሰዓቱ እየተቀዳ ይሄድለታል፤ እናንተ ምንም አታውቁም። የማንጠቀምበትን በር መዝጋት የሙያችን ሀሁ ስለሆነ «እንዝጋቸው» ብዬ ተካልኝን ጠየቅሁት። «በደብዳቤ» አለኝ። ጻፍኩ። ደብዳቤዬ በሦስተኛው ቀን ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ነባሩ አሠራር ይቀጥል» ተብሎበት ተመለሰ። ፋይል ውስጥ ከተትኩትና የድርሻዬን ተወጣሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀስ በቀስ ቢሮው ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር ጠፋ። ሰው ለዋና ሥራ አስኪያጁ በኢሜይል የጻፈውን ተካልኝ በማግስቱ ያውቀዋል። እኔ አንድ ወሬ አቀባይ አለው ብዬ አስብ ነበር። ሰዉ ደግሞ አቀባይዋን ያገኘ መሰለው፤ ፖስታውን የምትጠብቀው እኔ አይደለሁ? ሻይ ክፍል ስገባ ጨዋታ ይቆም ጀመር።

ከዚያ የእትዬ ወርቅነሽ ነገር መጣ። ተካልኝ ከአንድ ሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ሰነድ አውጥተው እንዲያጠፉ አዝዟቸው እምቢ አሉ፤ ይህንኑም ለዋና ሥራ አስኪያጁ በኢሜይል ጻፉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሀገር ውጭ ነበሩ። ተካልኝ በማግስቱ እትዬን ቢሮው ጠርቶ የጻፉትን ቃል በቃል ነገራቸው። በሳምንቱ ኮተቤ ወዳለው መጋዘን ተዛወሩ፤ ከቤታቸው ሁለት ታክሲ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሲመለሱ ተካልኝ ነገሩን እንደሚመቸው አድርጎ አስረድቶ ጨርሶ ነበር።

ዝውውሩን እንዲያነሳላቸው ሲለምኑት፣ የእሱን ፕሪንተር ልጠግን ሄጄ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። «ስለ ኪዳነ ምሕረት ይበሉ፣ ጌታቸውን ምሳ የሚያጎርሰው የለም» አሉት። «ይሄ ቢሮ ነው እትዬ ወርቅነሽ፤ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አላቸው። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

ጋሽ ጌታቸው በሦስተኛው ወር፣ በአንድ ምሳ ሰዓት፣ ብቻቸውን ሳሉ አረፉ። ጎረቤት ያገኛቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ለቅሶ ሄድኩ። እትዬ ወርቅነሽ ድንኳኑ ውስጥ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ሸራው አዞሩ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «እሷ ደግሞ ምን ልታይ መጣች?» ስትል ሰማሁ። ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ያለቀስኩት ግን ለሟቹ አልነበረም፣ ያለ ጥፋቴ ለተነካው ስሜ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ተካልኝ የፈረመበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። የሠራተኞችን ምስጢር አሳልፈሽ በመስጠት ስለተጠረጠርሽ ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቅረቢ ይላል። ግልባጭ ለአምስት ቦታ። ፖስታ ከፋች ተብዬ ከተባረርኩ በዚህች ከተማ ሰርቨር የሚያስነካኝ መሥሪያ ቤት አይኖርም። ያለኝ አራት ቀን ነበር።

በሩን ዘግቼ ሎጉን ከፈትኩ። ሎግ የሚባለው ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በር እንደገባ ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። በብሮውዘሩ በኩል ያለውን ሁልጊዜ አየው ነበር። የፖፕን ግን ማንም ስለማይጠቀምበት ባዶ ነው ብዬ ዞር ብዬም አይቼው አላውቅም። ባዶ አልነበረም። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ኮምፒውተር ይመጣል፤ አሥራ ሁለት የፖስታ ሳጥኖችን ተራ በተራ ከፍቶ አዲስ የገባውን ቀድቶ ይሄዳል። የእትዬ ወርቅነሽ አለ። የዋና ሥራ አስኪያጁ አለ። የተካልኝ የራሱም አለ።

ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የሁሉም የይለፍ ቃል የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማወቅና ማሳየት ግን ለየቅል ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚገባው ሁላችንም በምንጠቀምበት ዋይፋይ ነው፤ ሎጉ የኮምፒውተሩን ቁጥር እንጂ የባለቤቱን ስም አይጽፍም። ተካልኝ «የእኔም ሳጥን ተከፍቷል፣ እኔም ተሰልያለሁ፣ ይህንን ማድረግ የምትችለው ደግሞ እሷ ናት» ቢል ኮሚቴው የሚያምነው እሱን ነው።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሎጉን ሳገላብጥ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ፣ ዳገቱን ስወጣ፣ ቆም አልኩ። ያንን በር ብዘጋው ከሰባ ሰው የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሲነኩት ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። ከልቤ የሳቅሁት ከስንት ወር በኋላ ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፖፕንም አይማፕንም ዘጋሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ካልሠራልኝ «ያለ ፈቃድ አገልግሎት አቋርጣለች» የሚል ሁለተኛ ክስ በገዛ እጄ ጨመርኩ ማለት ነው። ወንበሬን ወደ ስልኩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ማንም አልደወለም፤ ሰዉ ሁሉ በብሮውዘሩ ሥራውን ይሠራል። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ። የተካልኝ ጸሐፊ ሰብለ ነበረች።

«ራሒ፣ ጋሼ ኢሜይል አልገባ ብሏቸዋል።»

«በብሮውዘር ይሞክሩት፣ ይሠራል።»

«አይ፣ በለመዱት ነው የፈለጉት። ቆይ፣ ራሳቸው ያናግሩሽ።»

«ምን ነካክተሽ ነው?» አለ ተካልኝ፤ ሰላምታ የለም።

«የማንጠቀምባቸውን የቆዩ በሮች ዘግቻለሁ።»

«በማን ፈቃድ? አሁኑኑ መልሺው።»

«በቃል አልችልም አቶ ተካልኝ። በደብዳቤ ይዘዙኝ፣ ስህተቱ የሚታይበትን ገጽም አባሪ ያድርጉልኝ። መመሪያው የእርስዎ ነው።»

ሲስቅ ሰማሁት።

«ደብዳቤ ነው የፈለግሽው? እጽፍልሻለሁ። ከነግልባጩ ነው የምጽፍልሽ።»

በእሱ ቢሮ የሆነውን በኋላ ሰብለ ነግራኛለች። ያን ቀን የማኔጅመንቱ ስብሰባ እንጦጦ ፓርክ ስለነበር መኪናው ተነስቶ እየጠበቀው ነበር። ደብዳቤውን ቆሞ አስጻፋት። ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ «ስህተቱን አትመሽ አያይዢ፣ ኮሚቴው ያቋረጠችውን በዓይኑ ይየው» አላት። ሰብለ ጠንቃቃ ልጅ ናት። ስህተቱ የሚታይበትን መስኮት ከላይ እስከ ታች ከፍታ፣ ምንም ሳታስቀር አተመችው። እሱም የላይኛውን ወረቀት ኮሪደር ላይ እየሄደ ፈረመ። አለቆቻችን ሲፈርሙ ሁለተኛ ገጽ አይገልጡም፤ ጸሐፊዋ አያይዣለሁ ካለች ተያይዟል።

ስምንት ሰዓት ላይ ደብዳቤው ደረሰኝ። ወጪ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ከፊርማው ሥር ስሙና ማዕረጉ ያለበት ቲተር አለው። ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ አገልግሎት ስለማቋረጥ። ወረቀቱን ገለጥኩ። አባሪው ላይ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ፖስታውን ማምጣት አልተቻለም ይላል። የተካልኝ ኮምፒውተር፣ በተካልኝ ፊርማ፣ የእነዚህ ሰዎች ፖስታ ለምን ቀረብኝ ብሎ አቤት ብሎልኛል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሐሙስ ዐሥራ ስድስት ነበር፣ የኪዳነ ምሕረት ቀን። ከቢሮ በፊት ለመሳለም ወጣሁ። ሰፈሩ ግማሹ እዚያ ነው። ተሳልሜ ስመለስ፣ በባሕር ዛፎቹ በኩል ተካልኝ ቆሞ አየሁት። ፊቱን አልተላጨም። ከፓርኩ ሲመለስ ማታ ፋይል ውስጥ የቀረውን የደብዳቤውን ቅጂ ከነአባሪው አይቶታል።

«ራሔል፣ ያንን ደብዳቤ እናንሳው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺም ክስ ይነሳል፣ ቃሌ ነው።»

«ወጪ ቁጥር ወጥቶለታል አቶ ተካልኝ።»

«እሱን ለእኔ ተይው። የኮሚቴው ፖስታ አልተከፈተም፤ ግልባጮቹን ሰብስቤያለሁ። የቀረው አንቺ ጋ ያለው ዋናው ብቻ ነው።»

ዋናው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁለተኛ ቅጂው እናቴ ዘንድ፣ ሦስተኛው ስልኬ ላይ። ይህንን አልነገርኩትም፤ ይለምን ብዬ ተውኩት።

«ልጆች አሉኝ» አለ። «ልውደቅልሽ?» አለ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሁለት እናቶች እየሰሙት፣ «ስለ ዛሬዋ ኪዳነ ምሕረት ብለሽ» አለኝ።

በእኛ ሰፈር በደጇ፣ በቀኗ፣ በስሟ ተለምኖ እምቢ የሚል ሰው አይገኝም። ሁለቱ እናቶች «እሺ» እስክል ቆመው ይጠብቃሉ። ልቤ ትንሽ ፈራ። ከዚያ የፕሪንተሩ ቀን ትዝ አለኝ።

«ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው አቶ ተካልኝ፤ የቢሮ ጉዳይ አይወራበትም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ እንገናኝ።»

ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሲከፋኝ እያስታወስኩ እጽናናበታለሁ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት። አምስት የኮሚቴ አባላትና ዋና ሥራ አስኪያጁ ተቀምጠዋል። ተካልኝ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ አለ። እኔ ደግሞ «ከመተላለፉ በፊት በእኔ ላይ የተጻፈው የረቡዕ ደብዳቤ ከነአባሪው ይነበብልኝ» አልኩና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኮፒ ሰጠሁ። በጸጥታ ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር። አልፈለግሁም፤ ጮክ ተብሎ፣ እሱ ባለበት፣ ስም በስም እንዲነበብ ፈለግሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እሱ የእኔ ስም ነው» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

«ሲስተሙን ለመቆጣጠር ሲባል የተደረገ...» አለ ተካልኝ።

«የእኔን ፖስታ ነው የምትቆጣጠረው?»

ላፕቶፑን አምጣ ተባለ። አሥራ ሁለቱም ሳጥኖች እዚያ ነበሩ፤ የእትዬ ወርቅነሽ ያቺ ደብዳቤም ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት ተሰናበተ። በእኔ ላይ የነበረው ክስ መነሳቱ በደብዳቤ ይገለጽልኝ አልኩ፤ ግልባጩም ለእነዚያው ለአምስቱ ቦታዎች። ሆነልኝ።

ስብሰባው ባለቀ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርቱካን ገዝቼ ኮተቤ ወረድኩ። ልቤ ሞልቷል። እትዬ ወርቅነሽ በሳጥን በተከበበ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆመው ወንበር ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ በሮቹ፣ ስለ አባሪው፣ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ስለመለስኩለት መልስ። እሱን ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም።

«እንግዲህ አንቺ አልነበርሽማ» አሉ።

«አልነበርኩም እትዬ።»

«ይቅር በይኝ ልጄ። ለቅሶዬ ላይ ፊቴን አዞርኩብሽ።»

ስንት ወር የጠበቅሁት ቃል ነው። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ጀርባዬን አሻሹኝ። ቀና ስል በሐሳብ ሄደው ነበር።

«ረቡዕ ዕለት በሩን ስትዘጊው ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«ሥራው ከባድ ነው?»

«አይደለም። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ድሮስ እንዲሁ ይዘጋ ነበር?»

«ከሁለት ዓመት በፊት በደብዳቤ ጠይቄ ተከልክዬ ነበር። ደብዳቤው አለኝ፣ ላሳይዎት እችላለሁ...»

«ረቡዕም አልተፈቀደልሽም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ማኅደር ሲያስተካክሉ እንደሚያወሩት ነው ያወሩት። «እኔ ስጽፍ ክፍት ነበር። ጌታቸው ሲሞት ክፍት ነበር። ያንቺ ስም ሲነሳ ተዘጋ።»

ከዚያ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ብርቱካኑን ተቀበሉኝ፣ እስከ መጋዘኑ በርም ሸኙኝ።

ተካልኝን በማዋረዴ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርገዋለሁ፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ የማነበው ራሴ እሆናለሁ። ነገር ግን ይህንን የምታነቡ፣ አንድ ሥራ የተሰጣችሁ ሰዎች፣ «ጠይቄ ነበር፣ ተከልክያለሁ» የሚል ወረቀት ፋይላችሁ ውስጥ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱት። እኔ ያንን ወረቀት ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነኝ ብዬ ተኝቻለሁ። እኔን ጠብቆኛል፤ ከእኔ ሌላ ግን ማንንም አልጠበቀም። አሁን የማይጠቅም በር ሳይ መጀመሪያ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ነው የማሳውቀው። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል። ጠዋት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ቆም ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ያን ቀን ኮተቤ ላይ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።